ማንኪራ ቀፎ ውስጥ የተኛችው

ከቦንጋ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይለኛል። እኔም «ደስ ይላል፣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው» ብዬ እገላገላለሁ። ውሸት አይደለም፤ አገሩ አረንጓዴ ነው። ግን ይህን በመለስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ደብረ ብርሃን ላይ ፊት እንዲግል ማድረግ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከተማዋን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ጉዞውን ከመነሻው ልናገር። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ ላትሄዱ ትችላላችሁ፤ የሆነውን ከእኔ ካልሰማችሁ ደግሞ ከማንም አትሰሙትም።

የሄድኩት አንዲት እንስሳ ለማየት ነው። ጋላጎ ትባላለች። የጦጣና የዝንጀሮ፣ በሩቁ ደግሞ የእኔና የእናንተም ዘመድ ናት፤ ግን መዳፍ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። ቀን ቀን የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ተኝታ ትውላለች። ሲመሽ ትወጣና በእነዚያ ትላልቅ ዓይኖቿ እያየች፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ነፍሳት ታድናለች። ይህን ሁሉ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዓይኔ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት የሒሳቡ መምህር «አንተ እኮ ያላየኸውን ነገር ጎረቤትህ አስመስለህ ነው የምታስተምረው» ብሎ መምህራኑን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ተናድጄ «ቆይ፣ ፎቶዋን በእጄ አንስቼ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባልሰቅል!» ብዬ ፎከርኩ። ፎክሮ መቅረት ደግሞ አልወድም።

የመጀመሪያው ቀን

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የጥር መጨረሻ ላይ ነበርና ከደብረ ብርሃን ስነሳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ካፖርት ለብሻለሁ። ለምሄድባቸው ሰዎች ስጦታ እንዲሆን ደግሞ የከተማችንን ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዣለሁ። አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀይሬ የጅማውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ወደ ግቤ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ያፍነኝ ጀመር። መስኮቱን ከፈት ሳደርገው ከጎኔ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ነፋስ ያገኘኛል» ብለው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉ። ዘጋሁት። ካፖርቴን ላወልቅ ብል ማስቀመጫ የለም፤ ጭኔ ላይ ብርድ ልብሱ አለ። እሳቸው ነፋስ እየፈሩ፣ እኔ በላብ እየታጠብኩ ተጓዝን። ላቤን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። መስኮቱን ግን አላስከፈቱኝም።

ጅማ ያደርኩበት ፔንሲዮን ንጹሕ ነበር፤ አጎበሩ ግን ጉልበት የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። እኛ አገር ቢምቢ ብርዱን ስለማትችለው ከእሷ ጋር መኖርን አልለመድኩም። ካፖርቴን እስከ አናቴ ተከናንቤ ተኛሁ፤ ጠዋት ከፊቴ ሳይነደፍ የተረፈልኝ ጉንጬ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው ቀን

ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲኬድ ጎጀብን ከተሻገሩ በኋላ ዛፉ እየበዛ፣ ሰማዩ እየጠበበ ይሄዳል። እኛ ዛፍ የምንለው በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባለቤቱና የሚቆረጥበት ጊዜ ይታወቃል። እዚህ ግን ዛፉ ዛፍ ላይ በቅሏል፤ በላዩ ሐረግ፣ በሐረጉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል። መስኮቱ ላይ አፍንጫዬን ተክዬ እንደ ሕፃን ሳይ ገባሁ።

መናኸሪያው ላይ መስፍን ጃንጥላ ይዞ ጠበቀኝ። ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ ሲያስተምር ነበር፤ ከዚያ ወደ ቦንጋ ተዛውሮ፣ የቦንጋ ልጅ አግብቶ እዚያው ቀረ። «በጥር ጃንጥላ?» ስለው፣ «እዚህ ዝናብ ወር አይመርጥም» አለኝና ካፖርቴን አይቶ ሳቀ። ቤቱ ገብተን ብርድ ልብሱን ስፈታው ደግሞ ባለቤቱ ትዕግሥት እስክታነባ ሳቀች። ወዲያው ግን እንዳፈርኩ ገባትና «ማንኪራ እኮ ማታ ማታ ይበርዳል፤ ለአጎቴ ቤት ይሁን» ብላ መልሳ በደንብ አጠፈችው።

የምሄደው ወደ እኚሁ አጎቷ ነው። ጋሽ አደሎ ይባላሉ፤ ማንኪራ በሚባለው የገጠር ቀበሌ ከጫካ ቡና ይለቅማሉ፣ ንብ ያረባሉ። በዚያ አገር ቀፎ ጓሮ አይቀመጥም፤ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአባት የወረሰው የጫካ ድርሻ አለው፤ ባዶውን ቀፎ አጥነው ይሰቅሉና ንቡ እስኪገባ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ከጋሽ አደሎ ቀፎዎች ባንዱ ንቡ ሳይገባ ጋላጎዋ ቀድማ ገባችበት። መስፍን ይህን በስልክ ሲነግረኝ ነው ሻንጣዬን የሸከፍኩት።

ሦስተኛው ቀን

መስፍን በተዋሰው ሞተር መንገዱ እስከሚፈቅደው ድረስ አደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ጋሽ አደሎ መገንጠያው ላይ ጠበቁን። ቀጭን፣ ሽበታቸው ያማረ፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚያነክሱ ሰው ናቸው። «መምህር፣ መጣህ። ጥሩ ነው። ቤት ቤትህ ነው» አሉኝና ሻንጣዬን ከእጄ ወሰዱ። «እኔ እይዛለሁ» ብዬ ስታገል ጭቃው አንሸራቶኝ በቂጤ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ግን እንኳን ሊስቁ ያላዩ መሰሉ፤ ዞር ብለው የሆነ ቅጠል መመርመር ጀመሩ።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ገና በሩ ላይ አዩኝና ሱሪዬን አስወልቀው አጠቡት፤ የባለቤታቸውን ሱሪ ሰጡኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሳይደርስ አለቀ። እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። ከዚያ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ቀረበ። ቆጮ ለለመደው ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ እኔ ግን የለመድኩት የገብስ ቂጣ ስለሆነ ጉሮሮዬ ላይ ቆመብኝ። በጎመን ልሸፍነው ሞከርኩ። እትዬ አስቴር ወጡ፤ ትንሽ ቆይተው ከጎረቤት የተዋሱትን እንጀራ በሰፌድ ይዘው ተመለሱ። ከምድር በታች ብገባ በወደድኩ።

ሲመሻሽ ጋሽ አደሎ ወደ ጫካው ወሰዱኝ። ቀፎው አንድ ትልቅ ቀረሮ ዛፍ ላይ፣ ለማየት አንገት እስኪያም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የእንስሳዋን ስም በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነገሩኝ፤ ደጋግሜ ብሞክረውም ምላሴ አልያዘውም። ዝም ብለን ቆምን። የመጨረሻው ብርሃን ሊጠፋ ሲል ከቀፎው አፍ ሁለት ትላልቅ ዓይኖች ብቅ አሉ። ግራ ቀኝ አዩ። ቀጥሎ ጆሮ መጣ፤ ጆሮዋ እንደ ቅጠል ይታጠፍና ይዘረጋል። ከዚያ ዘለለች። የሁለት ሰው ቁመት ያህል አየሩን አቋርጣ ወዲያኛው ዛፍ ላይ ልጥፍ አለች፤ ልቤም አብራት ዘለለች። ለዓመታት ያስተማርኳት ነገር በእውነት መኖሯን ያመንኩት ገና ያኔ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ንቡ በእሷ ምክንያት ቀረብዎ፤ ለምን አላስወጧትም?» አልኳቸው።

«ቀድማ ገባች» አሉ ጋሽ አደሎ። «ገብቶ የተኛ ሰው ይነሳል እንዴ? ሲበቃው ራሱ ይወጣል።»

ጉዞዬ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አይቻታለሁ። ግን ስልኬን ስመለከት ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ጥቁር ነው። የሒሳቡ መምህር ጥቁር ፎቶ ይዤ ስመጣ የሚስቀው ሳቅ ማንኪራ ድረስ ተሰማኝ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ገና ቁርስ ላይ ጀመርኩ። «ጋሽ አደሎ፣ ቀፎውን ለአንድ አፍታ ብናወርደውስ? ቀን ላይ ተኝታ ስላለች በብርሃን ላነሳት።»

ጋሽ አደሎ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። «ዛፉ ረጥቧል፣ መምህር» አሉ።

«ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃላ።»

«ገመዱም አርጅቷል።»

«እኔ ከታች ሆኜ እይዝልዎታለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ጎረቤት ለቅሶ አለ። መድረስ አለብኝ።»

«አብሬዎት ደርሼ፣ ስንመለስ እናወርደዋለን» አልኩ።

ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። የማላውቀው ሰው ሞቶ፣ የማያውቁኝ ሰዎች ከአግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ ከሩቅ አገር ለቅሶ ደረሰ ብለው አመሰገኑኝ። እኔ ግን በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰማዩን ነበር የማየው፤ ደመና ከመምጣቱ በፊት እንድንመለስ። ጋሽ አደሎ ሊነሱ አልፈለጉም። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ አስነሳኋቸው።

አይሆንም እያሉኝ እንደነበር አልገባኝም ነበር ብል ሌላ ጥፋት እጨምራለሁ። ገብቶኛል። እኛም አገር ቢሆን ሰው እንግዳውን ፊት ለፊት አይሆንም አይልም፤ ምክንያት ይደረድራል። እኔ ራሴ ስንቴ ደርድሬያለሁ። የመጀመሪያውን ምክንያት ስሰማ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እያንዳንዱን ምክንያት እንደ ፈተና ጥያቄ መልስ እየሰጠሁ አሸነፍኳቸው። እንግዳ መሆኔን ተጠቅሜ ሽማግሌ አስገደድኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከቤት ገመድ ሲወስዱ እትዬ አስቴር በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሯቸው። ቋንቋውን ባልሰማም ድምፃቸው ምን እንደሚል ማንም ይሰማዋል። ጋሽ አደሎ አጠር አድርገው መለሱና ወጡ። እኔ የጫማዬን ክር አስር ነበር፤ ቀድሞም የታሰረ ነበር።

ዛፉ ሥር ጫማቸውን አወለቁ፤ ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አድርገው መውጣት ጀመሩ። ትንሽ ይወጣሉ፣ ግንዱን አቅፈው ያርፋሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። አንዴ እግራቸው ሸርተት ሲል «ይውረዱ፣ ይቅር!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አላልኩም። ደርሰው ቀፎውን ፈቱና በገመድ ቀስ አድርገው ወደ እኔ አወረዱት።

እስኪወርዱ እንኳ አልጠበቅኳቸውም። ክዳኑን አነሳሁት። አንድ ለስላሳ ነገር ጆሮዬን ገጭቶ አለፈ፤ ዞር ስል ጋላጎዋ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ብርሃን በማይችል ዓይኗ፣ እየተደናበረች ከቁጥቋጦ ወደ ዛፍ ትዘላለች። ከዚያ ቅጠሎቹ መካከል ጠፋች። ቀፎው ውስጥ ግን ደረቅ ቅጠል ጨብጣ የቀረች ሌላ አለች፤ ልጇ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ።

ክዳኑን መልሼ እንዳለች ልተዋት ስችል አወጣኋት። መዳፌ ላይ አደረግኳት። መጠኗ እንዲታወቅ ከጎኗ እስክሪብቶዬን አጋደምኩ። ትንቀጠቀጥ ስለነበር ፎቶው ደበዘዘ፤ ደጋገምኩ። በመጨረሻ አንዱ ጥርት ብሎ ወጣልኝ። እዚያው ቆሜ ለሒሳቡ መምህር «ያላየውን ያስተምራል ያልከው ሰው እነሆ!» ብዬ ላክሁለት። ኔትወርክ ስላልነበረ ሳይሄድ ቆመ።

ባላውቅ ኖሮ ጥፋቱ በቀለለልኝ። ግን ይህች እናት በቀን ከተበረገገች ጭልፊት እንደሚያነሳት አውቃለሁ። የሰው እጅ የነካውን ልጇን ትታ ልትቀር እንደምትችልም አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ «ጎጆ አትነካኩ» እያልኩ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ጋሽ አደሎ ወርደው መዳፌን አዩ። ሰፊ ቅጠል ቆርጠው ልጅቷን በቅጠሉ ተቀበሉኝና ቀፎው ውስጥ መለሷት። ክዳኑን ገጥመው እንደገና ወጡ፤ ጎትተው ሰቀሉት። ሲወርዱ የቀኝ መዳፋቸው በገመዱ ተልጦ ይደማ ነበር፤ እንዳላየው ወደ ኋላቸው አደረጉት።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ፤ እናትየው እስክትመለስ አልነሳም አልኩ። ጥፋቴን በመጠበቅ የማስተካክለው መስሎኝ ነበር። አመሻሹ ላይ ከወዲያኛው ዛፍ እንደ ሕፃን ልቅሶ ያለ ድምፅ ተሰማ። መጣች! ቅርንጫፉ ላይ ቀረብ ትላለች፣ ታየኛለች፣ ትመለሳለች። እንደገና ትጣራለች። ከቀፎው ውስጥ ቀጭን መልስ የሰማሁ መሰለኝ። እንዳታመልጠኝ ስልኬን አወጣሁ።

«መምህር» አሉ ጋሽ አደሎ ከኋላዬ። «ተነስ። ወደ ቤት ሂድ።»

«እኔ እኮ ምንም አልነካም፤ ገብታ እስካይ ብቻ...»

«አንተ ካለህ አትገባም» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ሂድ አልኩህ።»

በእንግድነት በሄድኩበት አገር ሁሉ ብላ፣ ጠጣ፣ እደር ተብያለሁ። ሂድ ተብዬ አላውቅም። እኚህ ሰው ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ ምንም ነገር ያልከለከሉኝ፣ ለሱሪዬ ሱሪ፣ ለቆጮው እንጀራ የሰጡኝ ናቸው። ተነስቼ ሄድኩ። አጭሩ ሱሪ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ ነበር።

እትዬ አስቴር እሳቱ ዳር አስቀመጡኝና ብርዝ ሰጡኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ አደሎ ዘግይተው ሲገቡ «ገባች?» ብዬ ልጠይቅ ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። እሳቸው የተሸፈነውን ሌማት አይተው «በላህ?» አሉኝ። በልቻለሁ አልኩ። ያቺን ማታ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

አምስተኛው ቀን

ሲነጋ ሱሪዬ ታጥፎ አጠገቤ ተቀምጧል። ለቤተሰቤ ብለው ማር አስያዙኝ። እንቢ ለማለት ምን ፊት አለኝ? ከመሄዴ በፊት ዛፉን ልየው ብዬ ወደዚያ መዞር ስጀምር ጋሽ አደሎ ክንዴን ያዝ አደረጉ። «በዚያ በኩል ጭቃ ነው፤ በዚህ እንሂድ» አሉና በማላውቀው መንገድ አዙረው ሸኙኝ። እስከ መገንጠያው ዛፉን አላየሁትም። ስንሰነባበት ጨርቅ በተጠመጠመ እጃቸው ጨበጡኝ።

መስፍን በሞተሩ ወደ ቦንጋ ሲመልሰኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ጋላጎዋ ስነግረው እየነዳ ሰማኝ። ዛፍ መውጣታቸው ጋ ስደርስ ግን ሞተሩን ዳር ይዞ አቆመ።

«ማን ነው የወጣው?»

«ጋሽ አደሎ።»

«ጋሽ አደሎ ራሳቸው? ከዛፍ ወድቀው እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ወጥተው አያውቁም እኮ። ቀፎውን የሚሰቅሉላቸው ጎረቤቶች ናቸው።» ትክ ብሎ አየኝ። «ሲያነክሱ አላየህም?»

አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አይቻለሁ። ለምን ያነክሳሉ ብዬ አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም። መስፍን ሞተሩን አስነስቶ መንዳቱን ቀጠለ። ቦንጋ መግቢያ ላይ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ጮኸ፤ ፎቶው ሄደ።

ጅማ ስደርስ አላስችል አለኝና ከአውቶቡሱ ወርጄ ደወልኩ። ጋሽ አደሎ ኔትወርክ ወዳለበት ወጥተው ኖሮ አነሱት። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። እኔም እጅዎ እንዴት ነው አልኳቸው፤ ደህና ነው አሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«መጣች፣ መምህር። ማታውኑ መጣች፤ ልጇን ወሰደች። አትጨነቅ።»

«እርስዎ በዓይንዎ አይተው ነው?»

ለአፍታ ዝናቡ ብቻ ተሰማኝ። ማንኪራ እየዘነበ ነበር።

«አንተ ብቻ በሰላም ግባ» አሉኝ። «ስትደርስ ደውል።»

እንግዳ እንዳይከፋው ብለው በተሰበረ እግራቸው እርጥብ ዛፍ የወጡ ሰው፣ እንግዳ እንዳይከፋው ሲሉ ምን ሊሉ እንደሚችሉ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ልጅቷ በሕይወት ካለች እግዚአብሔር ይመስገን። ከሌለች ደግሞ ጋሽ አደሎ ቀፎውን አውርደው ባዶውን ሲያጸዱ ብቻቸውን ነው የሚያዩት፤ ለእኔ አይነግሩኝም። እውነቱን ከሳቸው የማገኝበትን መንገድ ራሴ አበላሽቼዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ስገባ የሒሳቡ መምህር ተሸንፌያለሁ ብሎ ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ። ደግነቱ ነው። አውርደው ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝና ዝም አልኩ። ፎቶው በጣም ጥሩ ነው፤ በመዳፌ ላይ ያሉት መስመሮች፣ የእስክሪብቶው ጫፍ፣ የዓይኗ ብርሃን ሁሉ ይታያል። ተማሪው ሁሉ «ስታምር!» ይላል። መምህራኑ «አቤት፣ እንዴት ብትቀርባት ነው?» ይሉኛል። እናቷ የት ሄዳ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም። ይህን ሳልጠየቅ የጻፍኩት ለዚህ ነው።